ቦሌሮን በራዲዮ ሳሰማ ለምን ይቋረጥ ነበር?

በአንድ የሕዝብ ራዲዮ ጣቢያ የክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የራቬልን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ቦሌሮን በከፈትኩ ቁጥር ገና ከመጀመሩ ይቋረጥና ሌላ ሙዚቃ ይገባ ነበር። ሲዲውን ቀየርኩ፣ ገመዱን ፈተሽኩ። ምንም የለም።

ለካ ችግሩ የዝምታ መቆጣጠሪያው ነው። ድምፅ ሲጠፋ ስርጭት የተቋረጠ መስሎት መጠባበቂያ ሙዚቃ የሚያስገባው መሣሪያ ማለቴ ነው። የ1928ቱ ቦሌሮ ደግሞ የሚነሳው በከበሮ ሹክሹክታ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ቀስ በቀስ እየጎላ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። መሣሪያው ግን ድምፁ ለ10 ሰከንድ ከዜሮ በታች 35 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ከወረደ ዝምታ ነው ይላል። ለንግግር ፕሮግራም ጥሩ ልክ ነው፤ ለኦርኬስትራ ግን አይሆንም። ከቴክኒሻኑ ጋር ሆነን ከዜሮ በታች 55 ዲሲቤልና 30 ሰከንድ ላይ አደረግነው። መቋረጡ ቆመ።

ግን መኪና ውስጥ ያለ አድማጭ አሁንም ከበሮውን አይሰማም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር ሞከርኩ፤ እድገቱን ገደለው። የቦሌሮ ነፍሱ እኮ እድገቱ ነው! አሁን መነሻውን በእጄ 6 ዲሲቤል ከፍ አደርገዋለሁ። ፍሉቱና ክላሪኔቱ ከገቡ በኋላ ማንም ሳያውቅ ቀስ እያልኩ እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የታክሲ ሾፌር ደውሎ፣ «ዛሬ ከበሮዋ ተሰማችኝ» አለኝ።