የጉድጓድ ውሃ ለሌድና ለአርሰኒክ እንዴት ይመረመራል? (ኤንዲ ማለት ዜሮ አይደለም)

ሀዋሳ ቱላ አጎቴ ግቢ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃውን አስመረመርን፣ ወረቀቱ መጣ፣ ሌድ (እርሳስ የሚባለው ብረት)፦ ኤንዲ። አልተገኘም ማለት ነው፣ በቃ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። እኔ ግን ቆይቼ ላቦራቶሪው (ላቡ) ጋ ደወልኩና ማሽናችሁ ከስንት ጀምሮ ነው የሚያየው ስላቸው ከ50 ማይክሮግራም በሊትር አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሌድ ያስቀመጠው እኮ 10 ነው! 30 ቢኖርበትም ያው ኤንዲ ብሎ ነው የሚመጣው። የእህል ሚዛን ላይ ቀለበት ብታስቀምጡ አይነቃነቅም፣ ቀለበቱ ግን አለ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ውሃ ሳትቀዱ ደውሉ። በምን ማሽን ነው የምትሰሩት፣ ዲቴክሽን ሊሚታችሁ፣ ማለትም ማሽኑ ሊያየው የሚችለው ትንሹ መጠን፣ ስንት ነው በሏቸው። ግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ ኤምኤስ ካሉ ጥሩ ነው፣ ሌድን ከ1 በታች ያያሉ፣ ፍሌም ካሉ ግን ለዚህ ስራ ብዙም አይሆንም። አርሰኒክም ገደቡ 10 ነው፣ ካድሚየም 3። የጉድጓድ ውሃው አርሰኒክ ሊኖረው በሚችልበት ስምጥ ሸለቆ ላይ ቁጭ ብለን አርሰኒክን መዝለል ደግሞ አይሆንም።

ሁለተኛ አቀዳዱ። ሃይላንድ አለቅልቃችሁ እንዳትሄዱ፣ በአሲድ የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላቡ ውሰዱ። ፓምፑን አስነስታችሁ የቆየው ውሃ ይውጣና ቅዱ። የቧንቧው ነገር ካሳሰባችሁ ደግሞ ሌሊቱን ሲያድር ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደውን በሌላ ጠርሙስ ያዙ፣ እሱ ላይ ሌዱ ከበዛ ጥፋቱ የቧንቧው ነው። ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች መውረድ አለበት፣ ካልሆነ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ማሽኑ አያገኘውም፣ ተመልሶ ኤንዲ። አሲዱን ራሳችሁ አትንኩት፣ ያቃጥላል፣ ላቡ ይጨምረው፣ ከጨመረ በኋላም ሳይለካ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። አንድ ጠርሙስ የላብ ንፁህ ውሃ ይዛችሁ ጉድጓዱ ጋ ክፈቱና ክደኑት፣ እሱም ይለካ፣ ሌድ ከተገኘበት ሌዱ ከጉድጓዱ ሳይሆን ከጠርሙሱ ወይም ከአያያዙ ሳምፕሉ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ፍሎራይድስ? የሀዋሳ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ አይቀርም መቼም። ብረት ስላልሆነ ለብቻው ነው የሚለካው፣ አሲድ በሌለው ጠርሙስ፣ ገደቡ 1.5 ሚሊግራም በሊትር።

ሶስተኛ ቁጥሩን ማንበብ። አንዱ የተለመደ ዘዴ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ሌድ የተጨመረበትን ውሃ 7 ጊዜ ይለኩታል፣ መቼም 7ቱም አንድ አይሆኑም፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን፣ በ3.143 ያባዙታል። ዴቪዬሽኑ 0.8 ማይክሮግራም በሊትር ከሆነ ሊሚቱ 2.5 ገደማ ነው። በልበ ሙሉነት ቁጥር ለመጥራት ግን የዴቪዬሽኑ 10 እጥፍ ይፈለጋል፣ ማለትም 8። በ2.5 እና በ8 መሀል ከመጣ ሌድ አለ፣ መጠኑን ግን አትመኑት። ውሃው ጨዋማ ሆኖ 5 እጥፍ ካቀጠኑት ደግሞ ሊሚቱም 5 እጥፍ ያድጋል፣ 12.5 ሆነ ማለት ነው፣ ገደቡን አለፈ፣ ይሄን ሳትጠይቋቸው አይነግሯችሁም።

ኤንዲ ብቻ ፅፈው ከሰጧችሁ ወረቀቱን መልሱና፣ ሊሚታቸው 2.5 ከሆነ ለምሳሌ፣ «ከ2.5 በታች» ተብሎ ይፃፍልኝ በሉ፣ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው ያለው።