ኮንክሪት ሙሌት መሃል ላይ ሲሚንቶ ለምን ያልቃል? የሳይት ዕቃ አቅርቦት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቢኦኪው (የሥራና የዕቃ መጠን ዝርዝር)፣ የሥራ ፕሮግራምና የስቶር ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) እንዳላችሁ ይዤ ነው የምጽፈው።

ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) እየተሞላ ሲሚንቶ አለቀ

ደጋግሜ የማየው ችግር ይሄ ነው። ሚክሰርና ቫይብሬተር ተከራይተዋል፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ስቶር ኪፐሩ "ሲሚንቶ አልቋል" ብሎ ይመጣል። ሁሉም ገበያውን ይወቅሳል። ሲሚንቶ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ እኔ ያየሁት ግን በአብዛኛው የቢሮ ጥፋት ነው። ትዕዛዙ የወጣው ስቶሩ ሲራቆት ነው። የሙሌቱን ቀን አይቶ ያዘዘ የለም።

ሌላው ምክንያት ስሌቱ ነው። 200 ካሬ ሶሌታ በ15 ሳንቲ ውፍረት 30 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወጣዋል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ከያዝን 10,800 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው 216 ከረጢት ነው። ቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግድም ኮንክሪት) እና ብክነቱ ግን እዚህ ውስጥ የሉም። ብዙ ሰው ሶሌታውን አስልቶ ቢሙን ይረሳል።

አንድ ጂ+4 ላይ የላይኛው ሶሌታ እንዲህ መሃል ላይ ቆመ። አቅራቢው "መኪናው ወጥቷል" እያለ ነበር። እውነቱን ነው፤ መኪናው አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ለከባድ መኪና የተፈቀደውን ሰዓት እየጠበቀ ነበር። የደረሰው ማታ ነው። ጠዋት አዲሱን ኮንክሪት ያለምንም ዝግጅት ባደረው ላይ ደፉት። ክረምት ሲገባ ውሃው በዚያው መስመር ወረደ። ኮርኒሱ ተበላሸ፣ ርክክቡ ዘገየ፣ ክፍያው ተያዘ።

መፍትሄው ከሙሌቱ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አቅራቢው "በ3 ቀን አደርሳለሁ" ቢል ቃሉን አትያዙ። የቆዩ የገቢ ደረሰኞችን አውጡና ከታዘዘበት እስከገባበት ስንት ቀን እንደፈጀ እዩ። ረጅሙን ውሰዱ። ሲሚንቶው በሙሉ ስቶር ሳይገባ ሙሌት አትጀምሩ። መንገድ ላይ ያለ ዕቃ አይቆጠርም። ባለቤቱ ቢቆጣም አትጀምሩ!

አልቆባችሁ ከሆነ የት እንደሚቆም መሐንዲሱ ይወስን። ብዙውን ጊዜ ከስፓኑ (በሁለት ድጋፎች መካከል ካለው ርቀት) መሃል አካባቢ በጣውላ ቀጥ ተደርጎ ይዘጋል። ሲቀጥል ፊቱ ይሻከር፣ ይጽዳ፣ ይርጠብ።

ሲሚንቶው ጓጎለ

እጥረት የፈራ ሰው አከማችቶ ነው። ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በጣውላ ላይ ደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ከ3 ወር በላይ የቆየውን ሳታስፈትኑ ለኮለን (ለቋሚ ምሰሶ) እና ለቢም አትጠቀሙ።

ፌሮው (የኮንክሪት ብረቱ) ቀጠነ

ባለ 12 ሚሊው፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ 10.7 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ሳይራገፍ መዝኑት። በጣም የቀለለ ፌሮ የሚሸጥ ነጋዴ በሰው ሕይወት ነው የሚነግደው። ከነመኪናው መልሱት። ቅናሽ አደርጋለሁ ቢላችሁም አትቀበሉ።

ሊፍት ዘገየ

ከውጭ ስለሚመጣ ኤልሲ (በባንክ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና)፣ የጅቡቲ ወደብና ጉምሩክ አለበት። ስትራክቸሩ ሳያልቅ እዘዙ።

አሸዋ

በጠርሙስ ውሃ በጥብጣችሁ አስቀምጡት። ከላይ የረጋው ደለል ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ክረምት ላይ ወንዝ ስለሚሞላ አሸዋ ይወደዳል፤ የክረምቱን ግንቦት ላይ አስገቡ።