ፌደሩ ወርዶም አልጠፋ ያለው ኢኮ

ልምምድ ላይ የዘፋኟን ፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች) እስከ ታች አወረድኩት። ድምጿ ጠፋ፤ ኢኮው ግን ቀረ። ዋሻ ውስጥ ሆና ከሩቅ የምትጣራ ትመስል ነበር። ሚክሰሩ ቤሪንገር ኤክስ 32 ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲሌዩን (ኢኮውን የሚፈጥረውን ኢፌክት) ነው። ድግግሞሹን ቀነስኩ፣ ፍጥነቱን ቀየርኩ። ምንም። ከዚያ ረጋ ብዬ የድምፁን መንገድ ተከተልኩት፦ ከማይኩ ቻናል ወደ ባስ 13፣ ከዚያ ወደ ኢፌክት 1፣ ከኢፌክቱ በሪተርን (በመመለሻ መስመሩ) ወደ ዋናው ስፒከር። (ባስ ስል ድምፅ የሚሄድበትን መስመር ማለቴ ነው፣ ቤዙን አይደለም።)

ችግሩ መነሻው ላይ ነበር። የቻናሉ ሴንድ (ድምፁን ወደ ባሱ የሚልከው) ፕሪ ፌደር፣ ማለትም ከፌደሩ በፊት ላይ ተቀምጧል። ወደ ኢፌክቱ የሚሄደው ድምፅ የሚቀዳው ፌደሩ ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ፌደሩን ባወርድ ባወጣ ኢፌክቱ ምን ገዶት! ፖስት ፌደር፣ ማለትም ከፌደሩ በኋላ አደረግኩት። አሁን ድምጿ ሲወርድ ኢኮውም አብሮ ይወርዳል።

ልብ በሉ፣ ይህ ምርጫ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ 13ን ስትነኩ 14ም ይቀየራል።

በነካ እጄ የዲሌዩን ሚክስ 100 አደረስኩት፤ ከኢፌክቱ የሚወጣው ኢኮው ብቻ ሆነ። ቀጥታው ድምፅ በቻናሉ ስለሚመጣ በኢፌክቱ በኩል መደገም የለበትም። ግጥሙ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሲኑን (የሚክሰሩን ቅንብር) ሴቭ አድርጌ ልምምዱን ቀጠልን።