በኔትወርክ ማርኬቲንግ ሥራ ራስን እያሻሻሉ መጽናት እንዴት ይቻላል?

ኔትወርክ ማርኬቲንግ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሰጡት የቤት ሥራዎች አንዱ የሚያውቃቸውን የመቶ ሰዎች ስም መጻፍ ነው። እኔም ጽፌያለሁ። እስከ ሃያ ያለው መስመር ወዲያው ሞላ፤ እናቴ፣ ወንድሞቼ፣ አክስቶቼ፣ የዕድር ጎረቤቶቻችን፣ አብረውኝ የተማሩ ልጆች። ከስልሳ በኋላ የአባታቸውን ስም የማላውቅ ሰዎችን መደርደር ጀመርኩ፤ ሰማንያ ሰባተኛው ላይ የሰፈራችንን ባለሱቅ ጻፍኩ። ዛሬ ያንን ደብተር ሳገላብጥ የሚያስገርመኝ ከመቶዎቹ መካከል ዕቃውን ለሁለተኛ ጊዜ የገዙት አራት ብቻ መሆናቸው፣ ከአራቱም አንዳቸው እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ አለመገኘታቸው ነው። በዚህ ሥራ መጽናት አለብኝ ወይስ የለብኝም፣ ተሻሽያለሁ ወይስ ባለሁበት ነኝ የሚለውን ጥያቄ መመለስ የቻልኩት ይህንን ሁለተኛ ግዢ መቁጠር ከጀመርኩ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ወደዚያው ያመራሉ።

አንደኛ፦ የሚጸኑበትን ነገር አስቀድመው ይመርምሩ

ኔትወርክ ማርኬቲንግ አንድ ሻጭ ከራሱ ሽያጭ በተጨማሪ እሱ ያስገባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም እነሱ ያስገቧቸው ሰዎች ከሚሸጡት ላይ ኮሚሽን የሚያገኝበት የአሻሻጥ ዘዴ ነው። ዘዴው በአሜሪካ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ቫይታሚን በሚያዞሩ ሻጮች ዘንድ ተለመደ፤ በ1959 የተመሠረተው አምዌይ ደግሞ በሰፊው አስፋፋው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአምዌይ ላይ የቀረበውን የፒራሚድ (ገቢው ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን አዳዲስ ሰዎችን ከማስገባት የሚመጣበት አሠራር) ክስ ለዓመታት ሲመለከት ቆይቶ በ1979 ድርጅቱ ፒራሚድ አይደለም ብሎ ወሰነ። ለውሳኔው ክብደት ከነበራቸው ነገሮች መካከል ሻጮች ከወሰዱት ዕቃ ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጡና በየወሩ ለ10 ደንበኞች መሸጣቸውን እንዲያሳዩ የሚያስገድዱት ደንቦች፣ ያልተሸጠ ዕቃም የሚመለስበት አሠራር ይገኙበታል። ኮሚሽኑ በዚያው ውሳኔ ድርጅቱ ሊገኝ ስለሚችለው ገቢ የተጋነነ ነገር እንዳይናገር ማዘዙን ግን የሥራው ሰዎች ብዙም አያነሱትም።

በአገራችንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አንድ ሸማች ዕቃ በመግዛቱ ወይም ገንዘብ በማዋጣቱ፣ ሌሎችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ በማምጣቱ ጥቅም ያገኛል እየተባለ የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት፣ ተመዝግበውም ከሆነ ዛሬውኑ፣ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። በኔትወርኩ ውስጥ የሌለ ሰው ይህንን ዕቃ በዚህ ዋጋ ሱቅ ላይ ቢያገኘው ይገዛዋል? ኮሚሽን የሚከፈለው ዕቃው ለተጠቃሚ ሲሸጥ ነው ወይስ አዲስ ሰው ተመዝግቦ ፓኬጅ (ለመግቢያ የሚገዛ የዕቃ ጥቅል) ሲገዛ? ያልተሸጠውን ዕቃ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ያህል ዋጋ መልሶ ይቀበለኛል? የሦስተኛው መልስ በጽሑፍ ካልተሰጠዎት መልስ እንዳላገኙ ይቁጠሩት። የሁለተኛው መልስ «ሰው ሲገባ ነው» ከሆነ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚያሳዩት ጽናት ኪሳራውን ከማራዘም ያለፈ ነገር አያመጣም።

ለምን ቢሉ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ያስገባል ብንል በአሥራ አንደኛው ደረጃ 48,828,125 ሰው፣ በአሥራ ሁለተኛው ደግሞ 244,140,625 ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ በእጅጉ ይበልጣል። አንዳንድ አስገቢዎች «ይኼ እኮ እንደ ዕቁብ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አባባሉ ዕቁብን ያስቀይማል። በዕቁብ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ እኩል ስለሆነ፣ ሃያ አባላት ካሉ ሃያዎቹም ተራ በተራ ያነሳሉ፤ ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው ይዘገይበታል እንጂ ድርሻው አይቀርበትም። በፒራሚድ ግን የመጨረሻው ረድፍ ትልቁ ረድፍ ነው፤ ለእሱም የሚተርፍ የለም።

ዕቃው እውነተኛ፣ አሠራሩም ሕጋዊ ሆኖ እንኳ የሚጠብቁትን ገቢ በልኩ ያድርጉት። ያው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2024 የ70 ድርጅቶችን የገቢ መግለጫዎች መርምሮ ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች በዓመት ያገኙት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች እንደነበረ፣ አብዛኞቹ መግለጫዎችም ሻጩ ከኪሱ ያወጣውን ወጪ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ይህንን ቁጥር መጀመሪያ ማወቅ ተስፋ አያስቆርጥም፤ እንዲያውም በስድስተኛው ወር «እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ራስን ከመኮነን ያድናል።

ሁለተኛ፦ ወጪዎንና ሰዓትዎን የሚይዝ ደብተር ያዘጋጁ

ደብተሩ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ የሠሩበት ሰዓት፣ ወጪ፣ የተሸጠው ዕቃ ከነትርፉ፣ የገዢው ስም፣ በመጨረሻም ገዢው ተመልሶ የገዛበት ቀን። የመጨረሻው ዓምድ ለሳምንታት ባዶ ስለሚሆን ብዙ ሰው ያናድደዋል፤ ቢሆንም አይሰርዙት።

ወጪ ሲባል የታክሲው፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ፣ እንግዳ የጋበዙበት ማኪያቶ፣ የስብሰባ መግቢያው ሁሉ ይገባል። እኔ አንድ ወር አራት ካርቶን ሸጬ ከእያንዳንዱ 300 ብር አተረፍኩና 1,200 ብር አገኘሁ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት። እሷ የመደብር ሒሳብ የምትይዝ ሰው ስለሆነች ደብተሩን ተቀብላ ለታክሲ 640፣ ለኢንተርኔት 350፣ ለስብሰባ 200 ብር ብላ ደመረችና አሥር ብር ቀርቶልሃል አለችኝ። ከዚያም «ስንት ሰዓት ሠራህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጻፍኩትም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓትም እጽፋለሁ፤ ራሴን በማሻሻል ረገድ ከየትኛውም ሥልጠና ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከአሥር ሰዓታት ሰባቱ ዕቃ ከመሸጥ ጋር ምንም በማይገናኙ ስብሰባዎች ላይ እንደሚያልቁ ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

በብድር ወይም ለዕቁብ በተቀመጠ ገንዘብ ፓኬጅ አያሳድጉ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሦስተኛ፦ ይሉኝታን ከገበያው ያውጡ

እኛ ዘንድ ዘመድ ለዘመዱ እምቢ ማለት ይከብደዋል። አክስቴ የመጀመሪያውን ሳሙና የገዛችኝ ቤቷ ሳሙና ጠፍቶ ሳይሆን የወንድሟ ልጅ በሯ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ ሳሙናው ከነወረቀቱ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ይህን የመሰለ ሽያጭ የመጀመሪያውን ወር ያደምቀዋል፤ ሻጩንም «ችሎታ አለኝ» ወደሚል ስሕተት ይመራዋል፤ ዘመድ ሲያልቅ ግን ገበያውም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያም ለሠርግና ለልቅሶ ሲሄዱ እንኳ ሰዎች «ደግሞ ሊሸጥልን መጣ» ብለው የሚሸሹበት ጊዜ ይደርሳል።

መፍትሔው የመቶውን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ መጀመር ነው። በቅርብ ያለውን ዘመድ ለመጨረሻ ያቆዩና ቢከለክልዎት ምንም የማይሰማው ሰው ዘንድ መጀመሪያ ይሂዱ። ሰማንያ ሰባተኛው ባለሱቅ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር። የልብስ ሳሙናውን አሸተተው፣ ዋጋውን ጠየቀ፣ «ውድ ነው» አለና መለሰልኝ። በሌላ ቀን ግን ራሱ ጠርቶኝ የሥራ ጋውኑ ላይ ያለ የዘይት እድፍ አሳየኝ፤ እስቲ ይህንን ያስለቅቅ እንደሆነ አለኝ። አብረን በባልዲ አጠብነው፤ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሳልለምነው አምስት ጊዜ ገዝቶኛል፤ ለአክስቴ ካደረግኩት ረጅም ማብራሪያ ግማሹን እንኳ ለእሱ አላደረግኩም። ዘመድ ዘንድ መሄድ ግድ ከሆነብዎት ደግሞ «ካልፈለግሽው አትግዢኝ፤ ብትገዢኝም ባትገዢኝም ቡናሽን እጠጣለሁ» ብለው አስቀድመው ነጻ ያውጡት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ።

አራተኛ፦ እምቢታን መስማት ይማሩ

በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ሥልጠናዎች ሻጩ ብዙ «አይ» እንደሚሰማ ያስጠነቅቃሉ። እኛ አገር ችግሩ ሌላ ነው፤ ማንም «አይ» አይልዎትም። «እስቲ እናያለን»፣ «አስብበታለሁ»፣ «ከባለቤቴ ጋር ልነጋገር»፣ «ደመወዝ ስወስድ ደውልልኝ» ይባላሉ። ጀማሪ ሻጭ እነዚህን ሁሉ እንደ ተስፋ ጽፎ ሳምንት ሙሉ ሲደውል ይከርማል፤ ስልክ አይነሳም፤ እሱም ሰው ክፉ ነው ብሎ ያዝናል፤ ሰዎቹ ግን በጨዋነት አስቀድመው ነግረውታል።

ስለዚህ ለራስዎ አንድ ደንብ ያውጡ። «እናያለን» ያለን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱ በጠቀሰው ቀን፣ በአጭር መልእክት ያስታውሱት፤ መልስ ካልመጣ እምቢታ መሆኑን መዝግበው ይተዉት፤ ሰላምታውን ግን አያቋርጡ። የእምቢታውን ምክንያት ካወቁት በአጠገቡ ይጻፉ። እኔ ሠላሳ ያህል እምቢታ ከመዘገብኩ በኋላ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አጠገብ «ዋጋ» የሚል ቃል እንዳለ አየሁ። ያንን ሳላውቅ ብጸና ኖሮ ለአዳዲስ ሰዎች ያንኑ ውድ ዕቃ እየደጋገምኩ እኖር ነበር፤ ስላወቅሁት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሰው በየወሩ የሚጨርሰውንና ዋጋው ከሱቁ ብዙ የማይርቀውን አንድ ዕቃ ብቻ መርጬ ሌላውን ማዞር አቆምኩ።

አምስተኛ፦ ስለ ዕቃው የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ

የምግብ ማሟያ የሚሸጥ ሰው ፈተናው ከሌላው ይከብዳል። የሚሸጡት ነገር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተመዝግቦም ቢሆን «ያድናል» የሚለውን ቃል ከአፍዎ ያውጡ። አንድ ቀን የቡድናችን ሰው የስኳር ሕመም ላለባቸው አንዲት እናት «እማማ፣ ይህንን ከጀመሩ መድኃኒቱን እየቀነሱ ይሄዳሉ» ሲላቸው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ምንም አላልኩም፤ ከበላዬ ያለ ሰው ነበርና አፈርኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አድሮ በማግስቱ ሄጄ «እማማ፣ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ መድኃኒትዎን እንዳይነኩ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልክ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ስለ ራስ መተማመን ብዙ ይወራል፤ መተማመኔ የተፈተነው መድረክ ላይ ሳይሆን እዚያች ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ወድቄያለሁም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እዚያው፣ በተናጋሪው ፊት፣ በትሕትና አርማለሁ፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ጊዜ ያህል ከቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ወጥቻለሁ።

ስድስተኛ፦ ሰው ከማስገባትዎ በፊት ደብተርዎን ያሳዩ

ሰው ማስገባት የሚፈልጉ ከሆነ አስቀድመው የሦስት ወር ደብተርዎን፣ ወጪው ከነሰዓቱ፣ ለሚገባው ሰው ያሳዩት። የተከራዩትን መኪና ወይም የሌላ ሰው ቼክ ፎቶ አያሳዩ። ደብተሩን ለማሳየት ካፈሩ ለማስገባት ጊዜው ገና ነው ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ የጽናትዎን ገደብ በቀን ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚጎዳው ቶሎ በመተው ሳይሆን መቼ እንደሚተው ሳይወስን በመጀመሩ ነው። «ሊሳካልህ ሲል ነው የምትተወው» የሚለው የአሠልጣኞች አባባል በየትኛውም ቀን ሊነገር ስለሚችል ማንንም ከምንም አያድንም። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ፣ ስሜትዎ ሳይግል፣ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ ስድስት ወር የሚል የጊዜ ገደብና በዚያ ቀን ሊኖርዎት የሚገባው፣ ተመልሰው የሚገዙ ከኔትወርኩ ውጪ የሆኑ ደንበኞች ቁጥር። እኔ አሥር ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ቀኑ ሲደርስ ቁጥሩ ከሞላ ለሌላ ስድስት ወር ይጽኑ፤ ቁጥሩንም ከፍ ያድርጉት። ከግማሽ በላይ ደርሶ ካልሞላ እምቢታ የተመዘገበበትን ገጽ ከፍተው አንድ ነገር ብቻ፣ ዕቃውን ወይም ሰፈሩን ወይም አቀራረብዎን፣ ይለውጡና ሦስት ወር ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያቁሙ። የማቆሙም ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ እርስዎ ያስገቧቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በአካል አግኝተው ምክንያቱን ይንገሯቸው፣ ቀጥለው በእጅዎ ያለውን ዕቃ በውሉ መሠረት ይመልሱ፣ ተመልሰው ይገዙ ለነበሩት ደንበኞችም ከዚህ በኋላ ከማን እንደሚያገኙ ያመልክቷቸው።

የእኔ ደብተር በስድስተኛው ወር አራት ስም ነበረው። ያስገባኋቸው ሁለት ልጆች ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው፤ አንደኛው ተቆጣ፣ ሁለተኛዋ የእምቢታውን ገጽ ፎቶ አንስታ ወሰደች። ባለሱቁ ግን ወሬውን ሲሰማ «ሳሙናውን ተወው፤ ሌላ ምን ማምጣት ትችላለህ?» አለኝ፤ የቀጣዩን ሥራዬን ደብተር የከፈትኩት በእሱ ስም ነው።