«በጀት የለም» ሲሏችሁ፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ፍትሐዊ ገንዘብ አጠያየቅ

ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በፈተና ሰሞን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወረቀት የሚባዛው እንደ እኔ ባሉ ቤቶች ስለሆነ፣ የቱ ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዳለው ሪፖርት ሳላገላብጥ አውቃለሁ። የነጋዴና የቢሮ ሠራተኛ ልጆች የሚማሩበት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቅጂ ያዛል። ከከተማው ዳር ያለው «አንዱን ለሁለት» ይላል፤ ወይ ጭራሽ አይመጣም፣ መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው።

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ውስጥ ከገባሁ ወዲህ የማምነው ይህን ነው፦ የገንዘቡ ማነስ አንድ ነገር ነው፣ አከፋፈሉ ግን ሌላ ነው፤ ወላጅ ሊያስለውጥ የሚችለው ደግሞ አከፋፈሉን ነው። «በጀት ይጨመርልን» ብላችሁ ከሄዳችሁ መልሱን ገና በሩ ላይ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ብሩ በየት በኩል እንደሚመጣ ለዩ። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል። እዚያ ላይ እኔና እናንተ ብዙም አቅም የለንም። ከተማው ከደረሰ በኋላ ግን አለን። ከትምህርት በጀቱ ትልቁ እጅ የመምህራን ደመወዝ ነው፤ እሱን ተዉት። ክርክሩ በሥራ ማስኬጃውና በካፒታሉ ላይ ነው። ሥራ ማስኬጃ ማለት ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የበር ቁልፍ፣ የውሃ ሂሳብ ነው፤ ካፒታል ማለት አዲስ ክፍልና ሽንት ቤት። ከእነዚህ ሌላ በ2001 ከተጀመረው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ጋር የመጣው፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚሰጠው ስኩል ግራንት አለ። መጨረሻ ላይ የወላጅ መዋጮ።

ልዩነቱን የሚያሰፋው መዋጮው ነው። በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ሲታወጅ ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን እንዲጠግን ተጠራ፤ እኔም አዋጥቻለሁ፣ አልጸጸትም። ግን መዋጮ የሚበዛው ኪሱ የሞላ ወላጅ ካለበት ሰፈር ነው። የቀን ሠራተኛና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰፈር ደብተር መግዛትም ፈተና ነው። ሥራ ማስኬጃው ይህን ሳያይ ከተከፋፈለ፣ ያለው ይጨመርለታል።

ስለዚህ ይዛችሁ የምትሄዱት ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ይሁን። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ ማስኬጃው አንዱ ክፍል በተማሪ ቁጥር እኩል ይከፈል፤ ቀሪው መዋጮ መሰብሰብ ለማይችሉት ይጨመር።» የመሀል ከተማ ወላጆች «መዋጯችንን ልትወስዱብን ነው?» ብለው መቆጣታቸው አይቀርም። መዋጯቸውን ማንም አይነካውም፤ የሚስተካከለው የመንግሥቱ ድርሻ ነው። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከሌላ ሰው ከሰሙት አበቃላችሁ።

ማስረጃችሁን አንድ ገጽ ላይ ጨርሱ። የተማሪ ብዛት፣ የክፍል ብዛት፣ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደሚደርስ፣ የሴቶች ሽንት ቤት፣ ሥራ ማስኬጃውና መዋጮው ለአንድ ተማሪ ሲካፈል ስንት ብር እንደሚመጣ። ከጎኑ የሌላውን ትምህርት ቤት ቁጥር አስቀምጡ። ደረጃው ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40፣ መጽሐፍ ደግሞ ለአንድ ልጅ አንድ ነው። ለምሳሌ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 2,400 ልጆች በ30 ክፍል ቢያስተምር በክፍል 80 ይሆናሉ፤ በፈረቃ ካልተማሩ 18 ክፍል ይጎድለዋል። «ተጨናንቀናል» ከማለት «18 ክፍል ይጎድለናል» ማለት ይበልጣል።

የተማሪ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ። ግራንቱ የሚሰላው ባለፈው ዓመት በተመዘገበው ቁጥር ነው። በየዓመቱ አዲስ ሰው የሚሰፍርበት የከተማ ዳር ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የአምናን ልጆች ብር ይዞ የዘንድሮን ልጆች ያስተምራል። ቁጥሩ የቆመለት የመሀል ከተማው ግን አይጎዳም። ዓመታዊው የመረጃ ቅጽ ሲሞላ ዘግይተው የገቡት ልጆች መቆጠራቸውን ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፤ የአምናውንና የዘንድሮውን ቁጥር ልዩነት ደግሞ ገጻችሁ ላይ ለብቻው ጻፉት።

መረጃውን ከርዕሰ መምህሩ ጀምሩ፣ ግን እንደ ኦዲተር አትቅረቡ። ሰውዬው ከላይም ከታችም የሚጨነቅ ነው። ደብዳቤው በእሱ ስም ሳይሆን በወላጆች ፊርማ ይውጣ። ቢሮ ላይ ካስቸገሯችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ለኃላፊው፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያስፍርላችሁ። አንዱ የቢሮው ወጣት ሠራተኛ «እናቴ፣ ይሄ የውስጥ ጉዳይ ነው» ሲለኝ «ልጄ፣ የውስጥ ከሆነ ይህንኑ ጻፍልኝ» አልኩት። ከመጻፍ ቁጥሩን መስጠት ቀለለው።

ጊዜውን አትሳቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚጮህ ወላጅ በጸደቀ በጀት ላይ ነው የሚጮኸው። ፍላጎት ከሚሰበሰብበት ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት ወረቀታችሁ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከተማው ትምህርት መምሪያና ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ። ለምክር ቤት አባላችሁም ስጡት፤ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ከቁጥራችሁ በታች ጥቀሱት፣ አናቱ ላይ አይደለም።

ብቻችሁን አትሂዱ፣ በጀማም አትሂዱ። ከሁለትና ከሦስት ትምህርት ቤቶች የተወከሉ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ፤ ከቱላ በኩል የሚመጣ ካለ ወረቀቱን በሲዳምኛም አዘጋጁ። ስለ ሴቶች ሽንት ቤት እናቶች ይናገሩ። ወንዶቹ ሲያወሩት ጉዳዩ የግንባታ ብቻ ይመስላል።

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ለየትምህርት ቤቱ የተደለደለውን ጠይቁና የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጉ። ከዚያ በየሩብ ዓመቱ ምን ያህል ወጪ እንደሆነ ተከታተሉ፤ ሰኔ 30 ድረስ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመትም «መጠቀም አልቻላችሁም» ተብሎ ይቀነስባችኋል። ግንቦት ላይ ያልተነካ ገንዘብ ካለ ግዢው የት እንደቆመ አጣሩ። ብዙ ጊዜ የቆመው ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከየሱቁ የሚሰበሰበው የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሳይሰበሰብ ቀርቶ ነው፤ ይህን ደግሞ ወላጅ አብሮ ዞሮ ሊያግዝ ይችላል። እኔ ግን ልጄ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ፕሮፎርማ አልሰጥም፤ እናንተም ሱቅ ካላችሁ እንዲሁ አድርጉ።