ቦርከናን ተከትሎ መሪ ማዘጋጀት

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከቃሉ ወረዳ የሚመጡ ወጣት ኃላፊዎችን አሠለጥናለሁ። የማዘጋጃቸው ኢኮኖሚያችን መሬትና ውሃ ሳያጠፋ ሰው እንዲያሳድር የሚያስፈልገውን ለውጥ እንዲመሩ ነው። ይህን የምጽፈው በየከተማችሁ ተመሳሳይ ሥልጠና ለማዘጋጀት ለምታስቡ ነው። ቦርከና የእኛ ወንዝ ነው፤ ስሙን በራሳችሁ ወንዝ ስም ተኩት።

አገራችን አረንጓዴ ኢኮኖሚ የመገንባት ስትራቴጂዋን በ2004 ዓ.ም. ይፋ አድርጋለች። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል። ሰነድ አለን። ያጣነው ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ባሻገር ያለውን ጉዳይ የራሱ አድርጎ የሚይዝ፣ በለውጡ የሚጠቀመውንና የሚጎዳውን ፊት ለፊት አገናኝቶ ማነጋገር የሚችል ኃላፊ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዲህ ያለውን ሰው ለማፍራት የምከተለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ሥልጠናውን በሰኔ አታድርጉት። በሰኔ የሚጠራ ሥልጠና የበጀት ማሟጠጫ ነው፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል፤ ሰልጣኙም አበሉን ፈርሞ ይሄዳል። እኔ የምመርጠው ጥቅምትና ኅዳርን ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ወንዙ ቀንሶ የተሸከመውን ማሳየት ይጀምራል፤ የዓመቱ ዕቅድም ገና ሊስተካከል ይችላል።

ቀጥሎ ሰዎቹን ምረጡ። ከ15 አታሳልፉ። ከውሃና ፍሳሽ፣ ከኢንቨስትመንት፣ ከግብርና፣ ከከተማ ጽዳት አንዳንድ ሰው፤ ከባንክ የብድር ባለሙያ፤ ከፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ፤ ከገበያ ነጋዴ ሴት፤ ከሰፈር የቅሬ (የወሎ እድር) መሪ። ቅሬውን አትርሱት። ወሎ ውስጥ ቅሬ የጠራው ሰው ይመጣል፤ ቅሬ የወሰነው ይፈጸማል። ከቢሮ የሚመጣው ሰው ማዕረጉ ከፍ ያለ መሆኑ ብዙም አይጠቅምም፤ ፊርማው ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ መሆኑን ግን አጣሩ። ተወካይ አትቀበሉ።

ከዚያ ወደ አዳራሽ ሳትገቡ ወንዙን ተከተሉ። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት እኔ አላገኘሁም።

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጀምሩ። ከተራራው የሚወርደው ውሃ በከተማዋ ሲያልፍ የፕላስቲክ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ይሰበስባል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትናንሽ ወንዞች የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው ይቀላቀሉታል። ከዚያ በሐርቡ አድርጎ፣ የከሚሴን አካባቢ የጨፋ ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ያመራል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራው ጨፋ ላይ ነው። አዋሽም ባሕር አይገባም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ የጣልነው ነገር የትም አይሄድም፤ እዚሁ ከእኛው ዘንድ ይቀራል። ይህን ሰልጣኞቹ ውሃው ዳር ቆመው ይስሙት።

በጉዞው ላይ ሁለት ደንብ አሉ። የመሥሪያ ቤት መኪና ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል። ማንም ንግግር አያደርግም፤ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ያገኘውን ሰው ሰላም ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ያዳምጣል።

አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ በታች ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙ አዛውንት ዘንድ ደረስን። አንዲት ሰልጣኝ፣ «አባባ፣ ውሃ የሚያጠጡት መቼ ነው?» አለቻቸው። «እሑድ ሌሊት፤ ሰኞ ሳይነጋ» አሉ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ፋብሪካው የሚያርፈው እሑድ ስለሆነ ውሃው የሚጠራው ያን ጊዜ መሆኑን ነገሯት። በሌላው ቀን ውሃው አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። «ምን ይደረጋል፣ አብሽሩ እየተባባልን ነው» አሉ። ከእኛ መካከል አንዱ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን በብድር ያቀረበው መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር፤ ሌላው ለፋብሪካ መሬት የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት። በአንድ ሕንፃ ውስጥ እየሠሩ ስለዚህ ማሳ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። እዚያው የሽንኩርቱ መደብ ላይ ቆመው መነጋገር ጀመሩ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ መርሐ ግብሩ ይዘግይ።

በማግስቱ ወደ አዳራሽ ግቡ። ትልቅ ቡናማ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፉና ያዩትን ያስሉ። ሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ፈልገው ፋብሪካውን ስለው ያቆማሉ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ግፏቸው፤ «ይህ ለምን ሆነ?» እያላችሁ። እኔ የምጠቀመው የማውቀውን ማቅለሚያ ነው።

ሪአክቲቭ የሚባለው የጥጥ ማቅለሚያ ከጨርቁ ጋር እንዲዋሐድ ጨው ይፈልጋል፤ እንደ ቀለሙ ድምቀት በአንድ ሊትር ውሃ ከ40 እስከ 80 ግራም። አሮጌ ማሽን አንድ ኪሎ ጨርቅ ለማቅለም 20 ሊትር ያህል ውሃ ሊወስድ ይችላል፤ አዲሶቹ በ6 ሊትር ይሠራሉ። በ60 ግራም ስናሰላው በአሮጌው ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ጨው ይሄዳል፤ በአዲሱ 360 ግራም። ጨርቁ ጨውን አያስቀርም፤ ሁሉም በፍሳሹ ይወጣል። በባክቴሪያ የሚሠራው የተለመደው ማጣሪያ ብዙ ቆሻሻ ይቀንሳል፤ ጨውን ግን አያወጣም። ስለዚህ የዚያ ማሳ አፈር በጨው ነጭ እንዳይለብስ ማጣሪያውን መቆጣጠር ብቻውን አይበቃም፤ ማሽኑ መለወጥ አለበት። ማሽን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋው በብር እጅግ ንሯል። ብድሩን የሚወስነው ባንክ የጨውን ነገር በመመዘኛው ውስጥ አያስገባም። የወንዙ ነገር ከብድር ማመልከቻው ቅጽ ጋር የተያያዘ መሆኑን የባንኩ ባለሙያ ራሱ ወረቀቱ ላይ መስመር ስቦ ሲያገኘው ለውጥ የሚመራ ሰው መሆን ይጀምራል።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት ተተክሎለታል። ይቻላል ለማለት ጥሩ ምሳሌ ነው። ወጪውንና የሚበላውን ኤሌክትሪክ ግን አብራችሁ አስተምሩ፤ ሰልጣኝ ምሳሌውን ብቻ ይዞ ከሄደ በመጀመሪያው የበጀት ክርክር ይረታል።

ሦስተኛው ሥራ ብዙ አሠልጣኝ የሚዘለው ነው፤ የሚጎዳውን ሰው መፈለግ። ለውጥ ሁሉ የአንድን ሰው እንጀራ ይነካል። ደሴ በኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ብቻ ታብስል ብንል ከሰል የምትሸጠዋ ሴት፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚያወርደው ገበሬ፣ የከሰል ጆንያ የሚሸከመው ወጣት ገቢ ያጣሉ። ስለዚህ ሰልጣኞቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ሰኞ ገበያ ላኳቸው። አንዲት ከሰል ሻጭ ዘንድ ተቀምጠው፣ ፈቃዷን ጠይቀው፣ የወር ወጪና ገቢዋን፣ ዕዳዋን፣ ከሰል ባትሸጥ ምን ልትሠራ እንደምትችል በራሷ አንደበት ይመዝግቡ። የዋለችበትን ጊዜ ክፈሏት። ከዚያ ሥልጠናው ላይ ጋብዟት፤ ሰልጣኙ ዕቅዱን ለእሷ ያስረዳ። እሷ ያልገባት ዕቅድ ለምክር ቤትም አይቀርብ። የማረጋግጥላችሁ ነገር አለ፤ ከዚህች ሴት ፊት የቆመ ኃላፊ ከዚያ በኋላ «ግንዛቤ መፍጠር» በሚል ቃል ብቻ ዕቅድ አይጽፍም።

ክርክር ይነሳል፤ ይነሳ። ወሎ የእስላምና የክርስቲያን ሽማግሌ አብሮ ተቀምጦ ደም የሚያስታርቅበት አገር ነው፤ ሰልጣኞቻችሁም ከሽማግሌዎቹ የነገር አያያዝ ይማሩ። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም፤ ተናጋሪው «ጨርሻለሁ» ይላል። ይህን ደንብ ስጠቀም ጠያቂም ተጠያቂም ይረጋጋሉ።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ሰልጣኝ በራሱ ፊርማ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት፣ በሦስት ወር የሚያደርገውን አንድ ነገር ይጻፍ። ፈቃድ ሰጪው አዲስ የፋብሪካ ማመልከቻ ሲመጣ የግብርና ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ይችላል። የባንኩ ሰው የማሽኑን የውሃ ፍጆታ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ማያያዝ ይችላል። የቅሬው መሪ ለቅሶ ቤት ላይ የሚከማቸውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጋንና በኩባያ ማስተካት ይችላል። ለአለቃ የሚላክ «ምክረ ሐሳብ» አትቀበሉ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ግማሽ ቀን ተገናኙ፤ በተራ በአንዱ ሰልጣኝ የሥራ ቦታ። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፤ ምን ጠየቅሁ፣ ማን እንቢ አለኝ፣ ምክንያቱ ምን ነበር። የእንቢታው ምክንያት የዕለቱ ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን መመሪያ ከመጥፋቱ ወይም የሥራ መመዘኛው ሌላ ነገር ከመቁጠሩ የተነሣ ነው፤ ያ ደግሞ በቡድን ሊጻፍና ሊጠየቅ ይችላል።

ሹም ሽርን አስቀድማችሁ አስቡት። የእኛ አገር ኃላፊ በአንድ ወንበር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከሥሩ ያለ አንድ ባለሙያ ይዞ ይምጣ፤ ማስታወሻ ደብተሩም የሁለቱ ይሁን። ሲዛወር ደብተሩን አስረክቦ ይሂድ። የተዛወረውን ግን ከስብሰባው አታስወጡት፤ አዲሱ መሥሪያ ቤቱ በግድግዳው ወረቀት ላይ የት እንደሚገኝ ፈልጉና እዚያ ስሙን ጻፉ።