የጃንሆይ ዘመን ሚኒስትርን ታሪክ መጻፍ ለምትፈልጉ

ሰሞኑን የድሮ ሚኒስትሮችን ታሪክ ፖስት የሚያደርግ ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ግን ዓመተ ምህረቱ ተምታቶ ስም ከስም ተደባልቆ ነው የሚወጣው። እኔ እንዴት እንደምሰራ የጃንሆይ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በጸሐፌ ትእዛዝ (የጽሕፈት ሚኒስትር ማዕረግ ነው) አክሊሉ ሀብተወልድ ላሳያችሁ፣ እሳቸው ላይ ካልተሳሳታችሁ ሌላው ይቀላችኋል።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ ወንበሮቹን፣ ማለትም የያዟቸውን ሹመቶች ብቻ ጻፉ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ማን ሾማቸው፣ ከማን ተረከቡ። ሙገሳና ወቀሳ በኋላ ይደርሳል።

ቀኑ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ከፈረንጅ ዓመት ዝም ብሎ 8 መቀነስ ያስበላችኋል፣ ከመስከረም አንድ እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። የነ መንግስቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግስት ሙከራ በፈረንጅ ዲሴምበር 1960 ነው፣ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ደግሞ 1961፣ ፈረንጁን ያየ ሰው ሁለት ዓመት ይመስለዋል፣ በኛ ግን ሁለቱም 1953 ናቸው፣ ግርግሩ ታኅሣሥ ሹመቱ ጥቂት ወራት ቆይቶ። መጨረሻቸው ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ስልጣን የለቀቁት የካቲት 1966፣ ያለ ፍርድ የተረሸኑት ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ፈረንጁ ሁለቱንም 1974 ይላቸዋል። እኔ ራሴ አንዴ 8 ቀንሼ ግርግሩን 1952 ብዬ ለጥፌ ሰው ኮመንት ላይ ስቆብኛል።

ቀጥሎ ስም። የውጭ ሰነድ ውስጥ "ሚስተር ሀብተወልድ" የሚል ካያችሁ አትቸኩሉ፣ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ሚኒስትር የሆኑት ወንድማማቾች ደግሞ ሶስት ናቸው፣ መኮንን፣ አካለወርቅ፣ አክሊሉ። መኮንን በታኅሣሥ 53ቱ ግርግር ተገደሉ፣ አካለወርቅ ከአክሊሉ ጋር ነው የተረሸኑት። ከዚህ የባሰው መኮንን እንዳልካቸውና እንዳልካቸው መኮንን ነው፣ አባትየው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ልጅየው በ1966 አክሊሉን የተኩት፣ አንዷ ስም ቦታ ስትቀይር 30 ዓመት ትዘላላችሁ። ሰርች ስታደርጉም ጸሐፌና ፀሐፊ፣ ሀብተወልድና ኃብተ ወልድ እያላችሁ ቀያይሩ።

ከዛ በኋላ ነው ስልጣኑ ምን ያህል ነበር ወደሚለው የምትሄዱት። በ1937 ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግስታት ቻርተር ሲፈረም አክሊሉ ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ፣ ገና ሙሉ ሚኒስትር ሳይሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላም እስከ 1958 ድረስ ሚኒስትሮቹን የሚመርጡት ጃንሆይ ናቸው፣ ከዛ ወዲህ ነው መርጦ ማቅረብ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የተሰጠው፣ ያውም ጃንሆይ ካጸደቁት። ስለዚህ "ካቢኔያቸውን አዋቀሩ" ከማለታችሁ በፊት ዓመቱን እዩ።

"ተሾሙ" የሚለውንም ጠርጥሩት። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደጊዮርጊስ ወልደዮሐንስ ከጣሊያን መባረር ጀምሮ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው የንጉሱ ትእዛዝ በእጃቸው ሲያልፍ የኖሩ ሰው ናቸው፣ በ1947 አርሲ ጠቅላይ ገዢ ተደርገው ተሾሙ፣ ወረቀቱ ሹመት ይላል እንጂ ሽረት ነው እኮ። ሰውየው ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከሄደ ወይ አምባሳደር ሆኖ ከወጣ ማን ወንበሩን እንደያዘበት ፈልጉ።

ለቀን ነጋሪት ጋዜጣን፣ የመንግስት አዋጅና ሹመት የሚወጣበትን ነው የማምነው፣ ቀጥሎ የዛን ሰሞን አዲስ ዘመን ጋዜጣን። ሚኒስትሩ ራሱ የጻፈው ካለ ጥሩ ነው ግን ለማን እንደጻፈው እዩ፣ አክሊሉ ታስረው ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ቃል አለ፣ ግሩም ነገር አለው፣ ግን የተከሰሰ ሰው መልስ ነው፣ ስለ 1966 የሚለውን ሳትጠቅሱ በፊት ሌላ ምንጭ ጎን አስቀምጡለት።